ይሉኝታ የገባበት ዶሮ ቤት

ሙአር፣ ማሌዥያ
ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1996

ከእናታችን ቀጥሎ እናቴ ለሆንሽው ለተከበርሽው ለእትዬ ሱዋርቲ፣

ይህ ወረቀት ጉልበትሽ ተሽሎት፣ ጣሪያውም ማፍሰሱን ትቶ ያግኝሽ። እኔ በአላህ ቸርነት፣ በወንበር ፋብሪካው መጋዝና በአለቃዬ ጩኸት መካከል ደህና ነኝ። ጾሙ ተፈትቶ በዓል ሲገባ ይቅርታ መጠየቅ ወጋችን ነውና፣ በአፌም በሐሳቤም የበደልኩሽን ሁሉ ይቅር በዪኝ። እመጣለሁ ብዬ የቀረሁባቸውን ሰባት በዓላትም እዚያው ላይ ደምረሽ በአንድ ጊዜ ይቅር በዪኝ፤ አንድ በአንድ ከሆነ ይመሽብሻል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባዶ እጁን አገሩ የሚገባ ሰው ከእንግዳ አይለይም። ስለዚህ በሁለቱ አገር መካከል የሚመላለሰው ጓደኛዬ ቱጊኖ ወደ እናንተ ሲመጣ ሠላሳ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ገዝቶ እንዲያስረክብሽ አዝዣለሁ። ጓሮ ያለው የእናታችን አሮጌ ማድቤት ባዶውን ቆሟል፤ ዶሮ ቤት አድርጊው። ሥራው ቀላል ነው። ዶሮ ራሷ ትበላለች፣ ራሷ ትጥላለች፣ ራሷ ቆጥ ላይ ትወጣለች። ያንቺ ፋንታ ማየት ብቻ ነው።

እናታችን ከሞተች ሺህኛው ቀን ሴፕቴምበር 8 እንደሚውል አልረሳሁም። የመጨረሻው ዝክሯ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ የላትም። የዚያን ቀን ደጃፉ ላይ ቆሜ እንግዳ የምቀበለው እኔ ነኝ።

ታናሽሽ ፓይጆ


ሱምበርጃቲ፣ ክላተን
ማርች 30 ቀን 1996

ለወንድሜ ለፓይጆ፣

አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ አለቃህንም ጉሮሮውን ያሳርፍለት። ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ አንተም ይቅር በለኝ። በቱጊኖ በኩል በስልክ ደውዪልኝ ያልከውን ግን ተወው። ስልኩ ያለው ሱቁ ውስጥ ነው፤ እዚያ ቆሜ «ጉልበቴን አመመኝ» ካልኩ ቤቴ ሳልደርስ ሦስት ሰው ቅባት ይዞ ይጠብቀኛል።

ሠላሳዎቹ ደርሰዋል። ጤነኞች ናቸው። እንዲያውም ጤንነታቸውን የማያውቅ ጎረቤት የለም። ቡ ሃርጊያንቲን ታስታውሳታለህ፣ ጡረታ የወጣችው መምህርት፤ ማድቤቷና ዶሮ ቤታችን አንድ ግድግዳ ነው የሚጋሩት። ባለፈው መጥታ፣ «ሱዋርቲዬ፣ እንዴት ያሉ ዶሮዎች ናቸው እቴ! ቤቴ ቁጭ ብዬ እንኳ አብሬያቸው ያለሁ ይመስለኛል» አለችኝ። እኔም ምን ልበል፣ አመስግኜ አሥር እንቁላል ሰጠኋት። እሷም ምን ትበል፣ አመስግና ወሰደች። በማግስቱ መስኮቷን በጣውላ ቸንክራ ዘጋችው።

የሰፈራችን ሹም ፓክ ሰርጆኖ ደግሞ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ፣ «ዘንድሮ ነፋሱ ወደ እኛ በዝቷል፤ ለሩዙ ሳይበጅ አይቀርም» አለኝ። ለሱም እንቁላል ሰጠሁት።

እኔ ደህና ነኝ። ከንጋት ጸሎት በኋላ እጠርጋለሁ፣ ከሰዓትም እጠርጋለሁ። እንግዲህ ሠላሳ ማለት ግቢው በረከት ሞልቶበታል ማለት ነው፤ የሚጨመርበት ቦታ እንኳ የለም።

እህትህ ሱዋርቲ


ሙአር
ኤፕሪል 14 ቀን 1996

እትዬ አለሜ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ አለቃዬ ምን ያስቅሃል ብሎ መጋዙን አቆመ። እኔ አላልኩሽም? ሰፈሩ ሁሉ ያደንቃል! መምህርቷ ራሷ! ሹሙ ራሱ ነፋሱን ያመሰግናል! እዚህ አገር ጎረቤት ሲጠላሽ በር ቆርቁሮ «ሸተትሽኝ» ይልሻል፤ አንድ ሰው አላማረረም ማለት ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው።

በረከት ሞልቷል ስላልሽኝ ወዲያው ለቱጊኖ ገንዘብ ልኬ ሃያ ጨምሬልሻለሁ። ሃምሳ ክብ ቁጥር ነው። አታመስግኚኝ።

ፓይጆ


ሱምበርጃቲ
ሜይ 19 ቀን 1996

ለፓይጆ፣

ሃያዎቹም ገብተዋል። አላመሰገንኩህም፤ አታመስግኚኝ ስላልክ ነው።

ስለ ዝንብ ልጻፍልህ። ዝንብ አሁን እዚህ አይጎበኝም፤ እዚሁ ይኖራል። ሩዝ ስከድን ከክዳኑ በታች ቀድሞኝ ይገኛል። ስሰግድ ግንባሬ ላይ ያርፋል፤ ስነሳ አብሮኝ ይነሳል። የዶሮው ኩስ ከሥር እንደ ገንፎ ረጥቧል፤ በአካፋ ስነካው ትል ይንቀሳቀስበታል። አመድ ነሰነስኩ፣ አመዱን ጠጥቶ እንደገና ረጠበ። በባልዲ ውኃ አጠብኩት፣ ባሰበት። ሽታውን እኔ መለየት ትቻለሁ፤ ልብሴ ስለሆነ። ገበያ ስሄድ ሰልፉ ቶሎ እንደሚያልቅልኝ አይቼ ነው ያወቅኩት።

ፓክ ሰርጆኖ ደግሞ መጣ። ሻይ ቀዳሁለት። ሦስት ዝንብ ገባበት። አየኋቸው፣ አያቸው። ሁለታችንም ስለ ዝናብ አወራን። ሻይውን ጠጣው ፓይጆ፣ እስከ ታች ድረስ ጠጣው! ሲወጣ፣ «የእናትሽ ሺህኛ ቀን መቼ ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። «አይ፣ የዚያን ቀን ወደ ሰማራንግ ከተማ ጉዞ አለብኝ፤ ምነው ቀኑ እንዲህ ገጠመ» አለ። ገና አራት ወር ይቀረዋል።

የእማዬ ዝክር ላይ ጎረቤት ካልመጣ ማን ይጸልይላታል? ምግቡንስ ለማን አሳቅፌ እሸኛለሁ? የአንድ ሰው የመጨረሻ ዝክር ባዶ ምንጣፍ ላይ ሲደረግ በዚህ መንደር አላየሁም። አንተ ብልህ ነህ፣ የተረፈውን አንተው ተረዳው።

ሱዋርቲ


ሙአር
ጁን 8 ቀን 1996

እትዬ፣

ተረድቼሻለሁ። ዝንብ ነው ያስቸገረሽ። ይሄ ምን ያስጨንቃል? እኛ ቤት በር ላይ ውኃ የተሞላ ፌስታል ይንጠለጠላል፤ ዝንብ የገዛ መልኩን ተለቅ ብሎ ሲያየው ደንግጦ ይመለሳል። አንቺም ስቀዪ።

ለሽታው ግን ጠላትን በጠላት ነው የምንመታው። በቱጊኖ እጅ ሦስት ኪሎ ካፉር ልኬልሻለሁ፤ ልብስን ከብል የሚጠብቀው ነጩ ክብ ነገር፣ እዚህ ሽንት ቤት ሁሉ የሚሰቀለው። በጨርቅ ቋጥረሽ ዶሮ ቤቱ ዙሪያ አንጠልጥዪው። ካፉር ባለበት ሌላ ሽታ አፍ አይከፍትም። ጎረቤቶችሽም ልዩነቱን በአንድ ቀን ያውቁታል።

ፓይጆ


ሱምበርጃቲ
ጁላይ 7 ቀን 1996

ለሟቹ ወንድሜ ለፓይጆ፣

አላህ ነፍስህን ይማር። አትደንግጥ፣ በተራ እነግርሃለሁ።

ካፉሩን ሐሙስ ዕለት በዘጠኝ ቋጠሮ ሰቀልኩት። ዶሮዎቹን አስነጠሳቸው። ሽታው ግን እውነትም ጠፋ፤ ከዶሮ ቤቱ እስከ መንገዱ ድረስ ካፉር ብቻ ሆነ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ስትኖር አንተ ረሳኸው፣ እኔ ደግሞ ከድካም ብዛት ዘነጋሁት፤ በእኛ መንደር ካፉር የሚሸተው አስከሬን ሲገነዝ ነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ ልብስ ሳጥብ ቡ ሃርጊያንቲ ራሷን ተከናንባ በሳፋ ሩዝ ይዛ ገባች። ከኋላዋ አሥር ሴቶች፣ ሁሉም በሳፋ ሩዝ። ከዚያ ወንዶቹ፣ ፓክ ሰርጆኖ ፊት ፊት፣ ጸሎት የሚመሩት አዛውንት ምባህ ካርሶ ከኋላ። ምንም ሳይሉ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

እኔ ደግሞ ምን አሰብኩ መሰለህ? በቃ፣ ስለ ሽታው ሊከሱኝ በአንድነት መጡ አልኩ። ልብሴን ቀየርኩ፣ ሻይ አፈላሁ። ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። ዝንቡ ብርጭቆ ላይ፣ አፍንጫ ላይ፣ የምባህ ካርሶ ጢም ላይ ያርፋል። ሃያ ሁለት ሰው፣ አንድም እጁን አላነሳም። ለምን እንደመጡ መጠየቅ ነውር ነው፣ አልጠየቅኩም። ማን እንደሞተ መጠየቅ ነውር ነው፣ አልጠየቁም።

ፓክ ሰርጆኖ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በጣም አዝነናል» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀደም ብዬ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ።»

«ኧረ የአላህ ሥራ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም» አለችና ቡ ሃርጊያንቲ እውነተኛ እንባ አለቀሰች።

ለዶሮ ኩስ ይህን ያህል ማልቀስ ትንሽ በዛ ብዬ ሳስብ ምባህ ካርሶ ጠጋ ብለው፣ «አስከሬኑ ከማሌዥያ መቼ ይገባል?» አሉኝ። ቀና ስል ሃያ ሁለቱም ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን ያያሉ፤ ባለ መነጽሩን፣ ከሰው ሞተር ብስክሌት ጋር የተነሳኸውን። አፌን ሳልከፍት ምባህ ካርሶ ጸሎቱን ጀመሩ። በጸሎት መካከል ሰው አይቋረጥም። ወንድሜ፣ አሜን አልኩልህ። ሦስት ጊዜ። ቆንጆ ጸሎት ነበር፣ ሥራህን ሁሉ አሳምረው ነው የሸኙህ።

ሲጨርሱ፣ «ፓይጆ በሕይወት አለ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሰዉ፣ ትንሽ ቅር እያለው። ከዚያ ፓክ ሰርጆኖ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በቀጥታ አንድ ነገር ጠይቆ የማያውቅ ሰው፣ «ታዲያ… ይሄ ምንድነው የሚሸተው?» አለኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጣ። «የቁም ሳጥን ልብስ ነው» አልኩ። አፈርኩ ፓይጆ።

ያመጡትን ሩዝ መልሰው መውሰድ ነውር ነው፤ አሥራ አንድ ሳፋ ቤቴ ቀረ። ሲወጡ ግን ሴቶቹ በየተራ ጆሮዬ ላይ ሹክ አሉኝ፤ ሴፕቴምበር 8 ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ አለች፣ ጥርሷን ልታስነቅል የምትሄድ አለች፣ ሠርግ ያላት አለች። ሰፈሩ በሙሉ የዚያን ቀን ይጓዛል። አንተም «እኛ ቤት» ያልካትን አንብቤያታለሁ፤ የፋብሪካ መኝታ ቤት በር ላይ ማን ፌስታል እንደሚሰቅል አልጠየቅኩህም።

ሱዋርቲ


ሙአር
ጁላይ 27 ቀን 1996

እትዬ፣

ሰው በሕይወት እያለ እንዴት አሜን ይባልበታል? ሦስት ጊዜ? አንዴ አይበቃም ነበር? ለመሆኑ ከቡ ሃርጊያንቲ ሌላ ያለቀሰ አለ? አለቃዬ ሲሰማ ሳቀና፣ ሟች ከሆንክ የበዓል ፈቃድ አያስፈልግህም አለኝ።

ፈቃድን ካነሳሁ፣ ሴፕቴምበር ላይ ትልቅ የወንበር ትእዛዝ አለ ይላሉ። ይላሉ ነው። እስኪ እናያለን። የፋብሪካ ነገር መቼም። ሽታውን እንዲያባርርልሽ ሎሚ ሣር ተክለሽ ሞክረሻል?

ፓይጆ


ሱምበርጃቲ
ኦገስት 11 ቀን 1996

ለፓይጆ፣

ሎሚ ሣር አልተከልኩም። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ቁጭ ብለህ አንብብ፤ እኔም ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፣ መቆም አቅቶኝ።

ደብዳቤህን ሳልጠብቅ አንድ ሐሙስ ንጹሕ ልብስ ለበስኩና በየቤቱ ሄድኩ። እንቁላል አልያዝኩም። በየደጃፉ ቆሜ ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ዶሮዎቼ ይሸታሉ። ዝንቡም የኔ ነው። ደክሞኛል፣ ብቻዬን አልቻልኩም።»

ቀሚሴን አውልቄ የቆምኩ ያህል ነው የደነገጡት። ፓክ ሰርጆኖ «ኧረ ምን ሸተተ፣ ማን አለሽ» ብሎ ከልማዱ ሊሸሽ ሲል ሚስቱ ከጓዳ፣ «ይሸታል! አምስት ወር ሙሉ ይሸታል!» ብላ ጮኸች። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

ቡ ሃርጊያንቲ ግን፣ «ውኃው ነው» አለችኝ።

«የቱ ውኃ?»

«የዶሮዎቹ የቀርከሃ ገንዳ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ማድቤቴ ውስጥ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ሲል እሰማዋለሁ። ኩሱን የሚያረጥበው እሱ ነው። ደረቅ ኩስ እኮ ይህን ያህል አይሸትም፣ ዝንብም አይወልድበትም።»

«አምስት ወር ስትሰሚው ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት አድርጌ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንዴት አድርጋ?

እሑድ ሁሉም አካፋና ዶማ ይዘው መጡ። እርጥቡን ኩስ አውጥተን ከግቢው ጫፍ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርነው፣ በላዩ አፈር። ወለሉን ፍቀን ኖራ ነሰነስን። ፓክ ሰርጆኖ ገንዳውን ቀይሮ ከመሬት ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ ጠብ ቢል የሚያርፍበትንም በጠጠር ሞላው። ከወፍጮ ቤት የሩዝ እብቅ አምጥተን መዳፍ ሙሉ ውፍረት አነጠፍን። በግድግዳው በላይ በኩል ሰፊ መስኮት ከፈትን፣ ነፋስ እንዲያደርቀው። ዘጠኙን የካፉር ቋጠሮ ምባህ ካርሶ ወሰዱት፤ «ለእኔ ቀን ይሆናል» ብለው። አሁን በየሁለት ቀኑ የረጠበውን እያነሳሁ ደረቅ እብቅ እጨምራለሁ። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ዝንቡ ቀንሷል፤ አልጠፋም፣ ግን እንግዳ ሆኗል።

ይሁንና ሁሉም አንድ ቃል ነው ያሉኝ፦ ለዚያች ማድቤት ሃምሳ ይበዛል፤ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ይረጥባል። አሥራ ሁለት ይበቃታል። እኔም ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሃምሳ ዶሮ ጎንበስ ብዬ የምጠርግበት ወገብ የለኝም።

ዶሮዎቹ ያንተ ናቸው። የምትመጣ ከሆነ ከእነ ወገቤ እስክትመጣ አቆያቸዋለሁ። የማትመጣ ከሆነ ለዝክሩ አርዳቸዋለሁ፣ የቀሩትን ለጎረቤት እሰጣለሁ። በዓል፣ አለቃ፣ ወንበር አትጻፍልኝ። እኔ እየዞርኩ የተናገርኩትን አንተም በአንድ መስመር ተናገር። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?

ሱዋርቲ


ሙአር
ኦገስት 31 ቀን 1996

እትዬ፣

አልመጣም።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሚስት አለችኝ፣ ሮዝናህ ትባላለች፣ ገበያው ዳር ምግብ ትሸጣለች። ፌስታሉን የምትሰቅለው እሷ ነች። አራት ዓመት የሞላት ልጅም አለችኝ። ሳልነግርሽ ዓመት አለፈ፣ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ እንዴት ይነገራል? ዶሮዎቹ እዚያ እስካሉ ድረስ የምመጣ ይመስለኝ ነበር። እረጃቸው።

ፓይጆ


ሱምበርጃቲ
ሴፕቴምበር 10 ቀን 1996

ለፓይጆ፣

የእማዬ ሺህኛ ቀን ተፈጸመ።

ማንም አልተጓዘም። ሰማራንግም ቀረ፣ ሠርጉም ቀረ፣ ጥርሱም በቦታው አለ። ምንጣፍ አልበቃን ብሎ ከቡ ሃርጊያንቲ ቤት ተበደርን። እስከ ዋዜማው አልመጣህምና ደብዳቤህን ሳልጠብቅ አረድኩ፤ ሃያ ስድስቱን ዶሮዎች ሴቶቹ ሆነው በኮኮናት ወተት ሠሯቸው፤ አሥራ ሁለቱን በየቤቱ አከፋፈልኩ። ጸሎቱ ረጅም ነበር። አንድ ዝንብ መጥታ ፓክ ሰርጆኖ ጉልበት ላይ አረፈች፤ በሰው ፊት እጁን አንስቶ መትቶ ገደላት። ሰዉ ሁሉ እፎይ አለ።

ያን ሐሙስ ግን ምን እንዳደረግኩ ገና አሁን ነው የገባኝ። መንደሩ መናገር ለምዷል። ቡ ሃርጊያንቲ ምግቡን ቀምሳ በሰው ፊት፣ «ሱዋርቲ፣ ጨው በዝቶበታል» አለችኝ። የፓክ ሰርጆኖ ሚስት በሠላሳ ዓመት ትዳሯ ያላለችውን በአንድ ወር ብላ ጨርሳለች፤ ሰውዬው አሁን ቀኑን ሙሉ እኔ ግቢ ገንዳውን ሲያይ ይውላል። ምባህ ካርሶ ደግሞ ሲሸኙ፣ «ያን ጊዜ ለወንድምሽ የጸለይነው ጸሎት እንዳለ ነው፣ አልፈረሰም፤ በሚያስፈልገው ቀን ይደርስለታል» ብለውሃል።

ያንተን ደብዳቤ ያነበብኩት እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። አልቆጣም። ለመቆጣትም መነሳት ያስፈልጋል። ጓሮ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ከፌብሩዋሪ ወዲህ እዚህ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። የቀሩት አሥራ ሁለት ዶሮዎች እብቁን እየጫሩ ነው። ደረቅ ነው። ምንም አይሸትም።

ፖስታውን ገልብጬ አራግፌ ፈለግኩ፣ የለም። የልጅቷን ስም አልጻፍክልኝም።

እህትህ ሱዋርቲ